የአውራው ኩላሊት

ማክሰኞ ጠዋት ለልብስ ሰፊዋ ባል ጠያቂ መጣለት። ታማሚዋ እሷ ናት። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ስምንት ወር ያለፋቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን እጥበት የምትገባው፣ ክንዷ በመርፌ ብዛት ያበጠው እሷ፤ ጠያቂ የመጣው ግን ለእሱ ነው። ሰዎቹ ሳሎኑን ሞልተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ፊት አምጥተው «አይዞህ፣ አንተ የድርሻህን አድርገሃል» ይሉታል። እሷ ወጥ ቤት ቆማ ለአጽናኞቹ ሻይ ትቀዳለች። ለራሷ በቀን የተፈቀደላት ውሃ በትንሽ ጠርሙስ የተለካ ነው፤ ያቺን ጠርሙስ መስኮቱ ላይ አስቀምጣ፣ ስምንት ብርጭቆ ሻይ ትሪ ላይ ደርድራ፣ እንፋሎቱ ፊቷን እየመታት ቆማለች። ሰው ሲታመም ይጠየቃል ሲባል ነበር የምታውቀው። ለካስ የሚጠየቀው ሊሰጥ ያሰበው ነው!

ባሏን ሰፈሩም ሥራ ቦታውም የሚጠራው አውራው እያለ ነው። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው፤ ከአምስት ሴቶች መሀል የወጣ አንድ ወንድ ስለሆነ። ቁመቱ በር ይሞላል፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቤት ይገባል፣ ሥራው ያገለገለ መኪና ማሻሻጥ ነው። ከሁለት ወር በፊት ኩላሊቱን ለሚስቱ እንደሚሰጥ አወጀ። አወጀ ነው የሚባለው፤ ለእሷ ሳይነግር ለደላሎቹ ነግሮ፣ ወሬው ከደላሎቹ ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ከፀጉር ቤቱ ወደ ሰፈሩ ወርዶ፣ እሷ የሰማችው ሳሙና ልትገዛ ሄዳ ከባለሱቁ ነው። «ምን የመሰለ ባል ሰጠሽ!» አላት ባለሱቁ። ሳሙናዋን እንደያዘች እዚያው ቆማ አለቀሰች። ደስ ብሏት ነበር፤ ይህንን አትክድም። «ታምሜ ውሃ አቀብሎኝ አያውቅም» እያለች ሃያ ሁለት ዓመት በሆዷ ስታማው የኖረችውን ሰው፣ እዚያው በሆዷ ይቅርታ ጠየቀችው። አውራውም ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ሁሉ ዓይን ማረፊያ ሆነ። በገባበት ወንበር ይለቀቅለታል፣ የሌላው ሚስት ለባሏ በጣት እያሳየች «ወንድ ማለት እሱ ነው» ትላለች። እጥበት ክፍል ድረስ መጥቶ ግን አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ተቀምጦ አያውቅም። የመድኃኒት ሽታ ያመዋል።

ትናንት የምርመራው ውጤት መጣ፤ ደሟ የእሱን ኩላሊት አይቀበልም ተባለ። ሐኪሟ አስቀምጣ አስረድታታለች። ሴት ስታረግዝ ልጁ ከአባቱ የወረሰው ነገር ደሟ ውስጥ ይገባል፤ ሰውነቷ «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ መከላከያ ያበጅለታል፣ ያንን መከላከያ ደግሞ ለዓመታት ያስቀምጠዋል። አራት ልጅ ወልዳለት የለ? አራት ጊዜ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ለሚስት መስጠት የፈለገ ባል ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይሰናከላል አለቻት ሐኪሟ፤ የማንም ጥፋት አይደለም። ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ግን ሳሎን ሲደርስ ሌላ መልክ ያዘ።

«የልጄን ኩላሊት ደሟ ተፋው!» ይላሉ አማቷ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው። «ሃያ ሁለት ዓመት ያኖራትን ሰው ደሟ ጠላው። ሰው በልቡ ያልያዘው ነገር ደሙ ውስጥ ከየት ይገኛል? እኔ መጀመሪያም ብያለሁ።»

«ስለወለደች ነው አሉ እኮ፣ እማማ» አለ አንዱ ደላላ፤ ፊቱ ብስኩት ሞልቷል።

«ወልዳ! እኔ ስድስት ወልጃለሁ፤ ደሜ ማንን ጠላ?» አሉ። የእሳቸውን ደም ከማን ደም ጋር ማን እንዳመሳከረው የጠየቀ የለም። አውራው ግንባሩን በመዳፉ ይዞ ቁጭ ብሏል። ለማልቀስ የሚሞክር ሰው ይመስላል፤ እሷ ትሪውን ይዛ ስትገባ ቀና ብሎ አያትና «ምን ላድርግሽ እንግዲህ፣ የልጆቼ እናት» አላት፤ ሰው እንዲሰማው አድርጎ ነው ያለው። ከሁሉም ያናደዳት ያ ግንባር ነበር። ትናንት ውጤቱ ሲነገራቸው፣ በሆስፒታሉ ደረጃ ሲወርዱ፣ ያንኑ ግንባር አይታዋለች። ላቡ ደርቆ፣ ፈክቶ፣ ፈተና የቀረለት ተማሪ ግንባር ነበር። ሻዩን አስቀምጣ ስትወጣ ስልኳ ጮኸ። ከሆስፒታሉ ነው፤ ከምሳ በፊት ሁለታችሁም ድረሱ፣ ሐኪሟ አስቸኳይ ነገር አላት አሏት።

የሐኪሟ ክፍል ሲደርሱ ሌላ ባልና ሚስት ቀድመው ተቀምጠዋል፤ ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ሁለቱንም ታውቃቸዋለች። ሰውየው በያጅ ነው፤ የእጁ ጀርባ በብረት ብልጭታ ነጠብጣብ የሆነ፣ ከወንበሩ የተረፈ ግዙፍ ሰው፣ እጥበት ክፍል ውስጥ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ማሽን የእሱ ነው። ስምንት ወር ጎን ለጎን ሲታጠቡ ያወራት ተጠራቅሞ አንድ ገጽ አይሞላም። ወሬውን የምታወራለት ሚስቱ ናት። እሷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ቁመቷ ከባሏ ክርን ብዙም አያልፍም፣ ምላሷ ግን ያካክሰዋል። ማሽኑ ዳር አራት ሰዓት ሙሉ ቆማ ባሏንም ጎረቤቱንም ስታስቅ ትውላለች። ሐኪሟ ሁለቱ ቤተሰቦች ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ባይተዋወቁ ትመርጥ እንደነበር ተናገረች፤ አንድ ማሽን ክፍል ውስጥ የሚውሉ ሰዎችን ግን ማን ደብቆ ይችላል? ከዚያ ወረቀት ላይ አራት ክብ ሣለችና ነገሩን ዘረጋችው።

«የእርስዎ ኩላሊት ጤናማ ነው፤ ትልቅም ነው» አለችው አውራውን። «ሚስትዎ ግን አትቀበለውም። እሳቸው ደግሞ» ወደ ጋጋሪዋ እያሳየች «ለባላቸው ሊሰጡ መጥተው ደማቸው አልገጠመም። ቢገጥምም አርባ ስምንት ኪሎ የሆነች ሴት ኩላሊት መቶ አምስት ኪሎ ሰው ውስጥ ገብቶ ሲሮጥ ነው የሚኖረው። ሌላ ከጠፋ ይደረጋል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ የእርስዎ ለእሳቸው ባል ይሂድ፣ የእሳቸው ለእርስዎ ሚስት ይምጣ። ሁለቱንም አመሳክረናል፤ ልክክ ብሏል። አርብ ጠዋት፣ አራታችሁም በአንድ ጊዜ።»

ልብስ ሰፊዋ ወዲያው ገባት። ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ሱሪ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ እንደማይሆን ሊያስረዷት አያስፈልግም። ጋጋሪዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። ትከሻዋ የእሷ ትከሻ፣ ወገቧ የእሷ ወገብ። አርብ! ሰው አርብ የሚባል ቀን ሲመጣ እንደዚህ ደስ ሊለው እንደሚችል አታውቅም ነበር። ጉሮሮዋ ደርቆ፣ ውሃ ሳይሆን አርብ ጠማት።

አውራው ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ፊቱ ላይ የነበረው ኩራት ቀስ እያለ ወደ ሒሳብ ሲለወጥ ታየ። «ቆይ» አለ፤ «እኔ የወንድ ሰጥቼ፣ ለእኛ የሴት ነው የሚመጣው?»

«ለሚስትዎ የሚበጃት እሱ ነው።»

«አይ፣ እሱስ ይሁን። ግን በእኛ ሥራ ለምሳሌ፣ ትልቁን የሚያቀርበው ሰው ልዩነቱን…»

ሐኪሟ መዳፏን ከፍ አደረገች። «ይህንን ዓረፍተ ነገር ከጨረሱት ፋይሉን እዘጋዋለሁ። ሕግም ያስጠይቅዎታል።» በያጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ፤ ያፈረው እሱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። ሐኪሟ ድምፅዋን አለሳልሳ፣ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው «ልስጥ» ከሚሉት አብዛኞቹ ሚስቶች፣ እናቶችና እህቶች እንደሆኑ፣ ከሚቀበሉት ደግሞ አብዛኞቹ ወንዶች እንደሆኑ ነገረችው። «እርስዎ ሲመጡ ደስ ብሎኝ ነበር» አለችው። አውራው ከዚህ ሁሉ የሰማው «ደስ ብሎኝ» የሚለውን ብቻ ነው መሰለኝ፤ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ። ቢሆንም ቃል የገባው ለሚስቱ እንጂ ለማያውቀው ወንድ እንዳልሆነ፣ ከገላው የወጣ ነገር ሌላ ሰው ሆድ ውስጥ መግባቱ ከባድ እንደሆነ፣ ሰው ምን እንደሚለው ማሰብ እንዳለበት ተናግሮ «ልማከር» ብሎ ወጣ። የሚማከረው እናቱን ነው። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው!

ሴቶቹ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ፤ በያጁ ትንፋሽ ስላጠረው ግድግዳውን ተደግፎ ራቅ ብሎ ቆመ። አውራው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ከመስኮቱ እስከ ደረጃው ይመላለሳል፤ «እሺ እማዬ፣ እሺ፣ አዎ ወንድ ነው፣ አይ አላውቀውም» የሚለው ይሰማል። እሷ ዓይኗን ከጫማው ላይ አላነሳችም። የሕይወቷ ነገር በዚያ ጫማ ሲመላለስ የምታየው መሰላት፤ ወደ መስኮት ሲሄድ ትኖራለች፣ ወደ ደረጃው ሲሄድ ትሞታለች።

«ይፈራል እንዴ?» አለቻት ጋጋሪዋ።

«እሱ? ምን ይፈራል።»

«እኔ እፈራለሁ፤ እናቴ ትሙት እፈራለሁ። መርፌ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል። እሱ እንዳይሰማኝ ሽንት ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ ነው የማለቅሰው።» ሳቅ አለች። «ወንድሙ አለልሽ፣ ቁም ሳጥን የሚያህል፣ ደሙም የሚገጥም። ‹እኔ የቤተሰብ ኃላፊ ነኝ› አለን። እኔስ? የሊጥ ኃላፊ ነኝ? ለነገሩ ሊጡም ያለእኔ አይነሳም። ብቻ አንቺ ጋ የሚገባውን ተንከባክቤ ነው ያኖርኩት፤ ጨው አላበዛሁበትም፤ ታገኚዋለሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ! ሳቋ ግን ጉሮሮዋን አደረቀውና አፏን ልትጉመጠመጥ ከሐኪሟ ክፍል ጎን ወዳለው መታጠቢያ ገባች። መታጠቢያውንና የሐኪሟን ክፍል የሚለየው ስስ ጣውላ ነው። ቧንቧውን ከመክፈቷ በፊት የባሏን ድምፅ ሰማች። ስልኩን ጨርሶ ብቻውን ተመልሶ ገብቷል።

«እንዳልሰጥ አይደለም፣ ዶክተር» ይላል፤ በሕይወቱ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ስትሰማው የመጀመሪያዋ ነው። «ግን እንደማይመች ተደርጎ ቢጻፍልኝ። ሰው ሁሉ ሰምቷል እኮ። አልሰጥም ብል በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?»

«ያልፈለገ ሰው አናስገድድም» አለች ሐኪሟ። «ምክንያቱንም ለማንም አንናገርም፤ ለሚስትዎም ቢሆን። ለጋሽነት ብቁ አይደሉም ብለን እንጽፋለን፤ በቃ። ይሄ አሠራር የተበጀው ለሚፈሩ ሰዎች ነው። መፍራት ነውር አይደለም።»

«እኔ አልፈራሁም!»

«እሺ። አልፈሩም።» ቀጥሎ የተሰማው ማኅተም ጠረጴዛ ሲመታ ነው።

ልብስ ሰፊዋ የቧንቧውን አፍ በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ፈራሁ ቢላት ኖሮ፣ አምላክ ምስክሯ ነው፣ እጁን ትይዘው ነበር። ቢላ የማይፈራ ማን አለ? እሷስ በሳምንት ሦስቴ መርፌው ሲመጣ ዓይኗን ጨፍና ታዞር የለም? አልሰጥም ቢላትም ታለቅስ ነበር እንጂ አትንቀውም፤ ገላው የራሱ ነው። ይሄ ሰው ግን የፈለገው ኩላሊቱንም ሙገሳውንም ይዞ መቅረት ነው። አጽናኞቹ ነገም እንዲመጡለት፣ ሻይ እየቀዳች እንድታስተናግዳቸው፣ እሱ ግንባሩን ይዞ እንዲቀመጥ፣ እሷ እንድትሞት። እንባዋን ግን ዋጠችው፤ በዚያ ሰዓት የሚያዋጣው እንባ እንዳልሆነ ገብቷታል። ደንበኛ ስታስተናግድ የኖረች ሰው ናት። ሆዱ የገፋ ደንበኛ «ወፍረሃል» ከተባለ ልብሱን ጥሎ ይወጣል፤ «ጨርቁ ነው የሰበሰበ» ከተባለ ግን ሌላ ያሰፋል። ፊቷን ታጥባ፣ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። አውራው የታጠፈ ወረቀት የደረት ኪሱ ውስጥ እየከተተ ደረጃው አጠገብ ጠበቃት። ያ ግንባር ተመልሶ መጥቷል፤ ፈክቷል።

«አልሆነም» አላት። «እንደገና ሲያዩት ብቁ አይደለህም አሉኝ። ምን ይደረጋል፣ ያልታደለ።»

«ውይ!» አለች፤ ደረቷን ያዘች። «ምንህ ነው ብቁ ያልሆነው?»

«እኔ እንጃ። ብቁ አይደለህም አሉ፣ በቃ።»

«አይ አንተ፣ ሰው እኮ ይጠይቀኛል። እስከ ትናንት ድረስ እንደ በሬ ነው ያሉህን ሰውዬ በአንድ ቀን ምን ነካው ሲሉኝ ምን ልመልስ? ኩላሊቱ ነው ስላቸው ሰው ወዴት ወዴት እንደሚያስብ ታውቃለህ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወገቡ ነው ይላሉ።»

አውራው ቆመ።

«ጓደኞችህ ደግሞ አፋቸውን ታውቀዋለህ» አለች፤ አዘነች፣ እውነት የምታዝን መሰለች። «አንተ ራስህ ትል የለ? ሞተሩ ነገር አለበት ተብሎ ከተወራ፣ ወሬው ውሸት ቢሆንም ያ መኪና አይሸጥም። ለእኔስ ግድ የለም፣ እኔ ሟች ነኝ። አንተ ነህ ከነወረቀትህ የምትኖረው። ለእማማም ቢሆን አንድ ወንድ ልጃቸው ብቁ አይደለም ተብሎ በማኅተም…»

«አንቺ ሴትዮ፣ ለማንም አትናገሪም!»

«እኔማ በሞቴ አልናገርም። ግን አልጋ ላይ ስወድቅ፣ ‹ምነው አልሰጣትም?› ሳይባል ይቀራል?»

ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አየው። ቀን አለው፣ ቁጥር አለው፣ ማኅተሙም ክብ ሆኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጉልህ ሆኖ ተቀምጧል። ለሚስቱ ነፍስ ያልተነሳ ሰው ለስሙ ሲነሳ ቆማ አየችው። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ ዓይኑ ወደ ደረጃው ሄዶ ወደ ሐኪሟ በር ሲመለስ፣ ትንፋሿን ይዛ ጠበቀች። ተናግራ እንዳታበላሸው ምላሷን በጥርሷ ያዘችው።

«ለሰውየው መግባቱን ማን ያውቃል?» አላት።

«ማን ይናገራል?»

«ለአንቺ ገባ ነው የምንለው። የኔ አንቺ ውስጥ እንዳለ ነው የምትናገሪው። ለልጆቹም፣ ለእናቴም። እስክትሞቺ።»

«ለእኔ ገባ ነው የምንለው» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እስክሞት።»

ሐኪሟ ሲመለስ ስታየው መነጽሯን አወለቀች። ልብስ ሰፊዋን አስወጥታ ብቻውን ጠየቀችው፤ የተጫነው ሰው እንዳለ፣ ሌሊት አስቦበት ነገ ቢመጣ እንደሚሻል፣ አርብ ጠዋት ቀዶ ጥገናው በር ላይ ደርሶ እንኳ «ትቻለሁ» ማለት እንደሚችልና ማንም እንደማይወቅሰው ነገረችው። መልሱን ለመስማት ጣውላ አላስፈለገም። «እኔን የሚያስገድድ ገና አልተወለደም!» ሲል ኮሪደሩ ሙሉ ዞሮ አየ። ፈርሞ ወጣ። በያጁ ተደግፎት ከነበረው ግድግዳ ላይ ተነስቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ መጣ። አውራው ስልኩን እያየ በአጠገቡ አለፈ። ለደላሎቹ እየደወለ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ታክሲ ውስጥ ደስታዋን ፈለገችው፤ አጣችው። ሕይወቷን አልለመነችም ማለት አትችልም፤ ያውም እንደ ሰው ለምና አይደለም፤ መድኃኒት አልውጥም ያለ ሕፃን እንደሚታለል አታላ። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሰው አከብራለሁ ብላ ነበር የኖረችው። ለካ የምታውቀው ብልሃቱን ነው፣ የት ሲነኩት ወዴት እንደሚሄድ። ይሄንን ማወቋ ከበሽታው ይልቅ አደከማት። አሁንም አላለቀም። እስከ አርብ ሦስት ቀን አለ፤ ሦስቱን ቀን ይሄ ሰው እንደተነፋ መቆየት አለበት፤ ትንሽ ከተነፈሰ አራት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ይገባሉ።

ቤት ሲደርሱ ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም፤ ሳሎኑ ደግሞ እንደገና ሞልቷል። አውራው መሀል ቆሞ፣ ደም የሚያለዝብ አዲስ መድኃኒት እንደተገኘ፣ የእሱ ኩላሊት እሷ ውስጥ እንደሚገባ፣ ያኛው የልውውጥ ነገር እንደቀረ አበሰረ። ለእናቱ ይህን ሲነግር ዓይኑ አልተርገበገበም፤ ደላላ ነዋ! አማቷ ተነስተው አገላብጠው ሳሙት። «አሸነፋት!» አሉ። «የልጄ ኩላሊት ደሟን አሸነፈው፤ ድሮም የታወቀ ነው።» ደላሎቹ አጨበጨቡ። ብስኩት የሚወደው ደላላ እንባውን ጠረገ፤ ከሁሉም ይባስ ብሎ የእሱ እንባ እውነተኛ ነበር። ከዚያ አማቷ ወደ እሷ ዞሩ፣ ጣታቸውን ሆዷ አጠገብ አድርሰው አቆሙ።

«ከእንግዲህ በልጄ ኩላሊት ነው የምትኖሪው። ቀና ብለሽ ስታዪው ይህን አትርሺ።»

ሳሎኑ መልሷን ጠበቀ። አውራውም አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየች፤ የቢላውን አይደለም፣ የአፏን። አንድ ቃል ከአፏ ቢያመልጥ አርብ የለም።

«አዎ፣ እማማ» አለች። «እንዴት እረሳለሁ።» ትሪውን ብድግ አድርጋ ወጣች።

ወጥ ቤት ገብታ በሩን እንደዘጋች ስልኳ ጮኸ። ጋጋሪዋ ናት፤ እየሳቀች፣ እያለቀሰች፣ ከአንዱ ሳትጨርስ ወደ ሌላው እየገባች ታወራለች። ለዳቦ ቤቱ ባለቤት ፈቃድ ጠይቃለች፣ እንደገና ፈርታለች፣ ፍርሃቷም ትንሽ ለቋታል። «ባሌ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ብሎኛል» አለቻት በመጨረሻ። «በአፉ የሚያወራው ነገር የለውም፣ ታውቂው የለ፤ ዛሬ ግን ከሆስፒታል እስከ ቤት ሲጠይቀኝ ነው የመጣው። ያ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ነው አለኝ። ስምንት ወር አንድ ቀን አላየነውም፤ ዛሬ ሊያመሰግነው ሲቀርብ ሳያየው አለፈ። ተቀይሞኝ ይሆን አለኝ። ዕድሜ ልኬን ሆዴ ውስጥ ይዤው የምዞረው የማንን እንደሆነ ልወቅ እንጂ አለኝ። ምን ልበለው?»

ከሳሎን የአውራው ድምፅ ይመጣል። ሐኪሟ እንደሱ ያለ ኩላሊት አይታ እንደማታውቅ እየተረከ ነው። እውነቱ ሁሉ ተግተልትሎ ከጉሮሮዋ ደረሰ፤ ወረቀቱ፣ ማኅተሙ፣ ወገቡ፣ ሁሉም። በያጁን አሰበችው። አልጋው ላይ ተንጋሎ ያንን የተነጠበጠበ መዳፉን ሆዱ ላይ ሲያሳርፍ ታያት።

«ደግ ሰው ነው በይው» አለች። «ዓይን አፋር ሆኖ ነው።»